አጭሩ የሕክምና ትምህርት መንገድ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከኤፍራታና ከመርሐቤቴ የሚደውሉልኝ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ አስፍሬዋለሁ፤ እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ።

አጭሩ መንገድ የሚባለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ወደ ሕክምና ትምህርት ገብቶ ከመደበኛው ባነሰ ጊዜ ሐኪም የሚሆንበት ሥልጠና ነው። በእኛ አገር በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት ሲጀመር የተቀበለው በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ የያዙትን ነበር። የታሰበውም ሐኪም ለሌላቸው ወረዳዎች ቶሎ ሐኪም ለማድረስ፣ በዚያም የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና (ሕመምተኛ በቅርቡ የሚያገኘው ሕክምና) እንዲሰጥ ነው።

በአሜሪካና በካናዳም የአራት ዓመቱን የሕክምና ትምህርት በሦስት ዓመት የሚያስጨርሱ ትምህርት ቤቶች አሉ። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ተማሪዎች ከተቀበለ ጀምሮ የሚያስተምረው በሦስት ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቴክሳስ ቴክ ያሉት ደግሞ የሦስት ዓመቱን በር የሚከፍቱት የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን ለቆረጠ ተማሪ ነው።

12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በዚህ ብገባ ቶሎ ሐኪም እሆናለሁ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የጤና መኮንን ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። በላዩ ላይ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕክምና ሲጨመር ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። መደበኛው ከዚያ ያንሳል። ነጥባችሁ ከበቃ በቀጥታ ሕክምና መግባት ነው የሚያዋጣው። ይህ መንገድ አጭር የሚሆነው ዲግሪውን አስቀድሞ ለያዘ ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ቀላሉ ሕክምና አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች ሁሉ ሰው የሚጎዳው ይኼኛው ነው። ዞናችንን ራሱን እዩት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በውርጭ ትነጋለች። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ፤ ሙቀቱም ወባውም እዚያ ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚታቀደው ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሕመሙ ከጤና ጣቢያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪም ጠቅላላ ሐኪሙ ነው።

አንድ ጎልማሳ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ይዞት መጣ እንበል። ወደ ቀወት ለማሾ ለቀማ ወርዶ ከሰነበተ ወባ ነው ለማለት ይቀናል። ነገር ግን ከብዙ ሠራተኛ ጋር በጠባብ ክፍል አንድ ብርድ ልብስ ተጋርቶ ሲያድር ቅማል ይዞበት ከሆነ ግርሻም ሊሆን ይችላል፣ ታይፈስም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሲመጡ ይመሳሰላሉ። ወባና ግርሻ በደም ጠብታ ላይ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፤ ታይፈስ አይታይም። ግርሻ ሆኖ መድኃኒቱ ሲሰጥ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታካሚው ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊንር፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን በአንድ ጊዜ ሲገድላቸው የሚመጣ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም መርፌውን ሰጥቶ ሰውዬውን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል፤ ሰውዬው የሚወድቀው መንገድ ላይ ነው። ቀላል ሕክምና ፈልጎ ወደዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ እንዳይመጣ ምከሩልኝ።

ከትምህርቱ ላይ የሚቀነሰው ምንድን ነው?

መቀነስ ያለበት ድግግሞሹና ክፍት ጊዜው ነው። በአዲሱ አሰጣጥ አናቶሚው ለብቻ፣ ፊዚዮሎጂው ለብቻ፣ መድኃኒቱ ለብቻ አይሰጥም። ልብ ከሆነ የልብ አሠራሩም፣ በሽታውም፣ መድኃኒቱም በአንድ ሞጁል ይሰጣል፤ ተማሪውም ገና በመጀመሪያው ዓመት ታካሚ ያያል። የክረምት ዕረፍትም ይጠብባል። በአሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው አካል ትምህርቱ ቢያንስ 130 ሳምንት እንዲሆን ይጠይቃል። የሦስት ዓመቶቹ ይህን የሚያሟሉት የበጋ ዕረፍትን፣ በምርጫ የሚወሰዱ ኮርሶችንና ተማሪው ለስፔሻሊቲ ቃለ መጠይቅ ከከተማ ከተማ የሚዞርበትን ጊዜ በመቁረጥ ነው።

ግን አንዳንድ ጊዜ መቆረጥ የሌለበትም ይቆረጣል። እኔ ስማር የቆዳ ሕክምና አታችመንታችን (በክፍሉ ተመድበን የምንለማመድበት ጊዜ) ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያ ምድቤ ላይ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ከተሰለፈው ሰው ብዙው ይዞ የመጣው እከክ፣ ጭርትና ቋቁቻ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ያበጠ እግር አሳዩኝ፤ ቆዳው ደድሮ፣ ጣቶቹ ላይ እባጭ እባጭ ወጥቶበታል። በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣው ዝሆኔ ነው ብዬ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ደጋ ላይ እኮ ያ ትንኝ የለም። ይሄ ከአፈሩ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ በባዶ እግር በቀዩ አፈር ላይ ሲኬድ ረቂቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ገብቶ ዓመት በዓመት የሚያሳብጠው። ሕክምናውም በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፣ ሲቀመጡም እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ያንን የትል ክኒን ጽፌላቸው ቢሆን ኖሮ እግራቸው ባለበት ይቀር ነበር። የቀረኝን ከዚያች ነርስ ነው የሞላሁት፣ ውለታዋንም አልረሳውም።

አገራችን ከዚህ በፊት አጭር ሥልጠና ሞክራ ታውቃለች?

ደጋግማ። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ገጠር የሚልክ ነበር። ይኼ የሆነው አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ከመከፈቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፋጠነ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት ማስተርስ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ቀዶ ጥገና የሚያሠለጥነው ፕሮግራም መጣ። ዛሬ በየወረዳው ሆስፒታል ሌሊት ተነሥተው እናትና ልጅ የሚያተርፉት ብዙዎቹ የዚያ ፕሮግራም ልጆች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው የዓመቱ ማጠር ብቻውን ሰውን እንደማያበላሽ ነው። ሥልጠናው የሚበላሸው ተማሪው ታካሚ አጠገብ ቆሞ እጁን የሚያርምለት ሲያጣ ነው።

ጤና መኮንን ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልግባ?

ከእናንተ የተሻለ ለዚህ የተዘጋጀ ሰው የለም። ምክንያቱን ከራሴ ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ ሌሊት አራት ሰዎች አንዲት ወላድ በቃሬዛ ይዘው መጡ። ባና ተደርቦባታል፣ ባናው ከሥሩ በደም ርሷል። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ደም ሥር አገኘሁላት፣ ግሉኮሱን ከፈትኩ፣ ማሕፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠሁ፣ አልወጣ ሲል በእጄ አወጣሁት። ሊነጋጋ ሲል ውኃ ጠየቀችኝ። ከወር በኋላ ሌላ እናት መጣች፤ የእሷ ግን ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ነበር። አምቡላንስ ጠርቼ ወደ ደብረ ብርሃን ከመላክ በቀር ማድረግ የምችለው አልነበረም። ያን ዕለት አምቡላንሱ ዳገቱን ወጥቶ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ማመልከቻዬን የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው።

እንዲህ ዓይነት ሌሊት ያሳለፈ ሰው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ትምህርት የሚያርፍበት ቦታ አለው። መምህሩ ስለ ደም መፍሰስ ሲያስተምር እኔ የማስበው መጽሐፉን ሳይሆን ያንን ባና ነበር። በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ የገቡት ጓደኞቼ ግን ታካሚ ከማናገር መጀመር ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ከሁላችንም የተሻሉ ሐኪሞች ሆነዋል፣ የመጀመሪያው ዓመት ግን አደቀቃቸው። ታካሚ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ከመወሰናችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ አስፈቅዳችሁ ጥቂት ሳምንት ብትውሉ እመክራለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ልምድ መጥፎ ልማድም ያስይዛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ትኩሳት ሲመጣ አንድ ዓይነት ክኒን ስትጽፉ ከኖራችሁ፣ ትምህርቱ መጀመሪያ የሚያስተምራችሁ ያንን መተው ነው። «ይኼንንማ አውቀዋለሁ» እያለ የገባ ጓደኛዬ በሁለተኛው ዓመት ደግሟል።

ከባድ ነው የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሕክምና ትምህርቱን በሦስት ዓመት ጨምቀውት ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ አራት መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም ብዙ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ድጎማ ሦስት ዓመት አደረጉት፤ አብዛኞቹ ተውት። ተማሪዎቹ ደካሞች ሆነው አልነበረም፤ በፈተናም በሥራም ከአራት ዓመቶቹ እንዳላነሱ ታይቷል። መምህሩም ተማሪውም ደከመ፣ ድጎማውም ደረቀ። አሁን የተመለሱት የሦስት ዓመቶቹ ከዚያ ተምረው ነው ጥቂት ተማሪ ብቻ መርጠው የሚቀበሉት።

በእኛ በኩል ድካሙ የሚመጣው ከመጽሐፉ ብዛት ይልቅ ማረፊያ ከማጣት ነው። መደበኛው ተማሪ ፈተና ወድቆ ክረምቱን አጥንቶ ይመለሳል፤ በዚህ መንገድ ክረምቱ የለም። ሌሊት ዱቲ (ተረኛ ሆናችሁ) አድራችሁ ጠዋት ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ትቆማላችሁ፣ ከሰዓት ሴሚናር ታቀርባላችሁ። እኔን ደግፎ ያቆመኝ አራት ሆነን ያቋቋምነው የጥናት ቡድን ነው። ማታ ማታ አንዳችን ለሌላው የዕለቱን ታካሚ ካርድ ሳናይ በቃል እንናገር ነበር። ብቻውን ማጥናት የሚወድ ሰው እንኳ እዚህ ቡድን ያስፈልገዋል።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ደመወዝ ሳይኖረኝ ቤቴን እንዴት ላስተዳድር?

ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ወረዳችሁንና የዞን ጤና መምሪያውን ስለ ትምህርት ፈቃድ፣ ስለ ደመወዝና ስትመለሱ ስለሚጠበቅባችሁ የአገልግሎት ዘመን ጠይቁ፤ የተባላችሁትንም በጽሑፍ ያዙ። በቃል «እናስተካክልልሃለን» ተብለው ገብተው በሁለተኛው ዓመት የተቸገሩ አውቃለሁ። ከትዳር አጋራችሁም ጋር ቁጭ ብላችሁ የአምስቱን ዓመት ወጪ ጻፉት፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጆች ትምህርት ቤቱን፣ የታመመ ቢኖር የሚወጣውን። ባለቤቴ ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አላጣችውም።

ልጄ ጤና መኮንን ናት፣ በዚህ መንገድ ልትገባ ነው። «የችኮላ ሐኪም» እንዳትባል እሰጋለሁ።

እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ነው ያሳደጉን። ልጅዎ ግን አልቸኮለችም። አራት ዓመት ተምራለች፣ ሠርታለች፣ አሁን ደግሞ በላዩ ላይ ልትጨምር ነው። ስትጨርስ የምታገኘው ዲግሪ ከመደበኛው ተማሪ ጋር አንድ ነው፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውም አንድ ነው።

ታካሚ ደግሞ ስንት ዓመት ተማርሽ ብሎ አይጠይቅም። ሞላሌም ይሁን ራቤል፣ ሕመምተኛው የሚያየው ሐኪሟ ቀና ብላ ዓይኑን ማየቷን፣ ሆዱን በእጇ መዳሰሷን፣ ያላወቀችውን አላወቅሁም ብላ ወደሚያውቀው መላኳን ነው። ስትሄድ ይመርቋት እንጂ አይያዟት። ወፍራም ጋቢ ያስይዟት፤ የሌሊት ዱቲ ይበርዳል።

ወደፊት ስፔሻላይዝ ማድረግ ብፈልግ በሩ ይዘጋብኛል?

በእኛ አገር አይዘጋም። በዲግሪው ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና) መወዳደር ይቻላል። መጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን ለወደደ ደግሞ የራሱ ስፔሻሊቲ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምናን በሦስት ዓመት ማሠልጠን ጀምሯል። ሕፃኑንም፣ እርጉዟንም፣ ስኳር ያለባቸውን አያትም አንድ ሐኪም እንዲከታተላቸው ነው የሚያሠለጥነው። እኔ ብጠየቅ ለመሐል ሜዳና ለዓለም ከተማ ከሁሉ የሚበልጠው ስፔሻሊስት ይኼ ነው እላለሁ። ሰው የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላከው ለእውነት ለሚያስፈልገው ጉዳይ ብቻ እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነውና።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የሦስት ዓመቱ ተፈቅዶላታል። ትግባበት?

የእሷ ሒሳብ ከእናንተ ይለያል። እዚያ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና፣ ሦስት ዓመት የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ በድምሩ 11 ዓመት ነው። የሦስት ዓመቱ አንዱን ዓመት ይቀንሳል። ለእኛ አንድ ዓመት ትንሽ ይመስላል፤ እዚያ ግን የአንድ ዓመት ክፍያ ማለት ከባድ ብድር ነው፣ አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ መያዝም አለ። ብዙ ጊዜ የሬዚደንሲ ቦታውም ከመጀመሪያው ተያይዞ ይሰጣታል።

ያው መያያዝ ግን ያስራታል። መሐል ላይ የልብ ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ብትወድስ? ወደ አራት ዓመቱ መመለስ የሚፈቅዱ አሉ፣ ግን ያተረፈችውን ዓመት ትመልሳለች፣ የተያዘላትም ቦታ ይቀራል። ንገሩልኝ፤ የቤተሰብ ሐኪም አጠገብ ውላ ታውቅ እንደሆነ ራሷን ትጠይቅ። ውላ ከወደደችው ትግባ። ብድሩን ፈርታ ብቻ ከሆነ ግን አራት ዓመቱ ይሻላታል።

ትምህርት ቤት ስመርጥ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሕንፃውን አትዩ። አንድ አልጋ አጠገብ ስንት ተማሪ ይቆማል? እኔ አሥራ አራት ሆነን አንድ አባት ዙሪያ ቆመን እናውቃለን። ትንፋሻቸውን በጆሮዬ የሰማሁት ሁሉም ከሄደ በኋላ ማታ ተመልሼ፣ አስፈቅጄ ነው። ሌሊት ዱቲ ላይ ከተማሪው ጋር ሲኒየር ሐኪም ያድራል ወይስ በስልክ ነው? ተማሪው እስኪመረቅ ስንት እናት በእጁ ያዋልዳል? የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ ወይ? ለገጠር ሐኪም እያሠለጠነ ገጠር የማይወስድ ትምህርት ቤት እኔ አይገባኝም።

መልሱን ከጽሕፈት ቤቱ አትጠብቁ፤ ተማሪዎቹን ያዙ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ወደተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ጎራ በሉና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሻይ ጋብዙ። መንገዳቸው መደበኛው ቢሆን እንኳ፣ የሕክምና ተማሪ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ከማስታወቂያ የማታገኙትን ይነግሯችኋል።

ለገጠር እሠራለሁ ብዬ ገብቼ፣ ስጨርስ ሐሳቤ ቢቀየርስ?

በምሽት ደውሎ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሊያፍርበት አይገባም። አብረውኝ ከጨረሱት ከተማ የቀሩ አሉ፤ ከአገር የወጡም አሉ። አልፈርድባቸውም። የታመመ ወላጅ ያለው አለ፣ ልጁን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያጣ አለ፣ ኦክስጅን በሌለበት ሕፃን እጁ ላይ አልፎበት የተሰበረ አለ። ውል የፈረመ ግን ውሉን ይጨርስ፤ በዚያ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችል የነበረ ሌላ ሰው ቀርቷል።

ሐኪም ገጠር የሚቆየው በቃል ኪዳን ብቻ እንዳልሆነ ግን አይቻለሁ። የሚቆየው የሚያማክረው ሲኒየር በስልክ ሲያገኝ፣ ላቦራቶሪው ሲሠራ፣ የሚያድርበት ቤት ሲኖረው ነው። እኔን ያቆየኝ አንድ የቀዶ ሕክምና መምህሬ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ብደውል ያነሣ ነበር፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታካሚህን ዳሰስከው?» ብሎ ነው። ከመግባታችሁ በፊት እንዲህ የምትደውሉለት ሰው ይኖራችሁ እንደሆነ አስቡ። ከሌላችሁ፣ በትምህርቱ ዘመን ከምታገኟቸው መምህራን አንዱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ስትመረቁም ስልኩን ሳትወስዱ አትውጡ።